ሰው አይጠፋም የሚሉት አቶ ይሻው

ኤች አይ ቪ ባለበት አገር ሁሉ አንድ አስተባባሪ አለ። ለቫይረሱ ማስታገሻ ተገኝቶለታል፤ ለአስተባባሪው ግን እስካሁን የለም።

የእኛው፣ ክቡር አቶ ይሻው፣ መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነው። እኔ ይፋግ፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሰኞ ሰኞ ገና ጋውኔን ሳልቆልፍ ይደውላሉ። ሰላምታቸው «ስንት ቀረ?» ነው፤ ቀጠሮው አልፎ መድኃኒቱን ያልወሰደ ሰው ማለታቸው ነው። አገር አቀፉ ዕቅድ አዲስ አበባ ይወለዳል፤ ባሕር ዳር ክርስትና ይነሣል፤ ደብረ ታቦር ሲደርስ እሳቸው ሦስት ቅጽ ይጨምሩበትና እኔ ላይ ይወድቃል። ሠርግ ቢጠሩ ስለ ምርመራ ይናገራሉ። ለቅሶ ላይም ሲናገሩ ሰምቻለሁ፤ ሟቹን የገደለው በሬ ነበር።

አምና መንገድ ተዘጋ። ሲከፈት ሁሉም መጡ፤ አንዲት ሴት ቀረች። ፈንታነሽ ልበላት። ሰፈሯ ለደብረ ታቦር ቅርብ ነው፤ ጎረቤት እንዳያያት ብላ ግን በሁለት መኪና እኛ ዘንድ እየመጣች ነበር የምትወስደው። ስልኳ አይሠራም። መድኃኒቱ ካለቀባት ሦስት ሳምንት ሊሆን ነው። ደክሞኝ ነበርና ቅጹ ላይ «ጠፍታለች» ብዬ ሞላሁ።

«ሰው አይጠፋም፤ ፈላጊ ነው የሚጠፋ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎን እኮ አገር ያውቅዎታል። ከበሯ ላይ ከታዩ አለቀላት።»

ምክር ሳይጨምሩ ስልኩን ዘጉት። በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው።

በሳምንቱ የፈንታነሽ ሰፈር ሰው የሆነው የሚስቴ ወንድም አያሌው ተማሮ መጣ።

«የእናንተ ይሻው ሁለት ቀን ሙሉ ሲያደርቀን ሰነበተ። ከቄሰ ገበዙ ጀምሮ አንድ ቤት ሳይዘል፣ ሃያ ሦስት ቤት ገባ። ያችን ቦርሳውን ታቅፎ ስለ ኤድስ ይለፈልፋል፤ ጠላ እንኳ አልቀመሰ። ምን በድለን ነው?»

ሃያ ሁለቱ ቤት የደረቀው ለአንዷ ሲባል እንደሆነ ገብቶኛል።

ሰኞ ተደወለ። «ቅጹን አስተካክል። የሦስት ወሯን ወስዳለች» ብለው ዘጉት።

ፈንታነሽ በቀጠሮዋ ቀን መጣች፤ ወዟ ተመልሷል። መድኃኒቷን ከነጠላዋ ሥር እየሸሸገች፣

«አቶ ይሻውን ሰፈሩ እስካሁን ያማቸዋል» አለችኝ። «እኔም አብሬ አማቸዋለሁ። ምን ላርግ።»