የመኩሪያ ረጅም መብራት

ሰው መብራት የሚያበራው ለምንድን ነው ብላችሁ ብትጠየቁ፣ «ለማየት ነዋ» ብላችሁ ቶሎ እንዳትመልሱ። ቆም በሉ። እኛ ዲላ ውስጥ አዲስ ሱቅ ሲከፈት በሩ ላይ የሚንጠለጠለውን አምፖል እዩት። ውስጥ ያለው ዕቃ ጥቂት ብርጭቆና አንድ ጥቅል የፕላስቲክ ምንጣፍ ነው፤ በሩ ላይ ያለው መብራት ግን አውሮፕላን ያሳርፋል። መብራት በጠፋ ቀን ጄኔሬተር የሚያስነሳው ጎረቤቴስ የሚያስነሳው ለሥራው ነው ወይስ የሌለን ሰዎች እንድንሰማለት? እኔ እንጃ። ሐሜት አልወድም። (ሐሜት አልወድም ማለቴን ያነበበ የሚያውቀኝ ሰው ካለ፣ ሳቁን ለራሱ ይያዝልኝ።)

እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝ። ትምህርቴን ገና በልጅነቴ አቋርጬ፣ የቀረውን የተማርኩት ከሱቄ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጬ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ያገኘሁትን ሁሉ በማንበብ ነው። ስለ ብርሃንም አንብቤአለሁ። ፀሐይ ስንት ዓይነት ቀለም በሆዷ እንደያዘች ልነግራችሁ እችላለሁ። ባለቤቴን መኩሪያን ግን ስለ መኪና መብራት ልመክረው አልቻልኩም። ባል የሚባል ፍጥረት፣ ያው ነገር ከሌላ ሰው አፍ ካልወጣ በቀር አይሰማም።

እርግጥ ነው፣ መብራት ያስፈልገው ነበር። ይህን የምለው ባሌ ስለሆነ አይደለም፤ ባሌ ስለሆነማ ቢሆን ተቃራኒውን ባልኩ። መኩሪያ ቡና ይነግዳል። በለቀማ ሰሞን ከዲላ ወደ ወርቃ፣ ከወርቃ ወደ ባንኮ ጎቲቲ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጭጋግ ሲወርድበት እንሰቱም ሰውም አህያውም አንድ ቀለም ይሆናል። የፒክአፑ የፊት መብራት ደግሞ አርጅቶ፣ ፕላስቲኩ እንደ ከረመ ቅቤ ቢጫ ለብሶ፣ የሚያሳየው የራሱን አፍንጫ ብቻ ነበር። አንድ ቀን መንገድ መሐል የቆመች ላም ሊገጭ ለጥቂት ተረፈና፣ «በቃ፣ መብራት እቀይራለሁ» ብሎ መጣ። እሰየው አልን።

ግን መኩሪያ ልክ የሚባል ነገር አያውቅም። ገበያ ወርዶ ነጭ፣ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አምፖል ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ከዚህ በላይ የሚያበራ የለም» አለው፤ እሱም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። የድሮውን አምፖል ነቅሎ ከመቀመጫው ሥር ወረወረና አዲሱን እዚያው ያረጀ መብራት ቤት ውስጥ ሰካው። በመጀመሪያው ምሽት ወደ ግቢ ሲገባ፣ ዶሮዎቻችን ነጋ ብለው ከቆጥ ወረዱ።

በኛ መንገድ ሾፌርና ሾፌር ሰላም የሚባባለው በመብራት ነው። ብልጭ ካደረገልህ ብልጭ ታደርግለታለህ፤ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መኩሪያ አዲሱን አምፖል ካስገባ ወዲህ ታዲያ ከፊት የሚመጣው ሁሉ ብልጭ ያደርግለት ጀመር። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሳይቀር። ያውም እየደጋገሙ። እሱም ኩሩ ነው እንዳይባል ሩቅ የሚያበራውን ረጅሙን መብራት ለቀቅ ያደርግና ሰላምታውን አሳምሮ ይመልሳል።

«ይሄን ሁሉ ሰው ከየት አወቅኸው?» አልኩት አንድ ምሽት አጠገቡ ተቀምጬ።

«ቡና ነው እንግዲህ። ቡና ከስንቱ ጋር ያስተዋውቃል!»

አንድ ባጃጅ ነጂማ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አለፈን።

«ይሄኛው ወታደር የነበረ ሰው መሆን አለበት፤» አለ መኩሪያ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

«ዓይኑን እየከለለ እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!»

«አንቺ መቼም ሰው ሲያከብረኝ አይታይሽም።»

ዝም አልኩ። በትዳራችን ዘመን ይህ ስንት ጊዜ ሆኗል ብትሉኝ፣ ያ የመጀመሪያው ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ። ልጃችን ሰላም ከፍስሐ ገነት ከተማ የመጣ ልጅ ትወዳለች። ዮናስ ይባላል፤ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ነው የተዋወቁት። በጥቅምት የልጁ ወገኖች «ሽማግሌ እንልካለን» ብለው ላኩብን። መኩሪያ ልጁን አይጠላውም፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ የሚስቀው ለሱ ነው። ቢሆንም «የኔን ልጅ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብዬ ልስጥ? ሂዱና ተመለሱ እላቸዋለሁ። ሦስት ጊዜ ይመላለሱባታል!» አለ። ወጉ ነው፣ አልካድኩም። እኔን ሲጠይቅ አባቴም ሽማግሌዎቹን እንዲሁ አመላልሶበታል፤ መኩሪያ የዚያን ቂም የሚወጣበት ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስለኛል።

ሰላም ግን አለቀሰች። ለምን ብትሉ፣ ጊዜው የቡና ለቀማ ነው። የፍስሐ ገነት ሰው የደረሰ ቡናውን ጥሎ አንዴ ከመጣ፣ ሁለተኛ የሚመጣው ለቀማው ሲያልቅ ነው። ለቀማው እስኪያልቅ ጥር ያልፋል። ጥር ካለፈ ጾም ይገባል፤ ሠርጉም ከፋሲካ ወዲያ ሊሄድ ነው። «እማዬ፣ አባዬን ለምኚልኝ» አለችኝ። ለመንኩት። «ክብር የሚባል ነገር አለ» አለኝ።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ መኩሪያ ታላቅ ወንድሙን ጋሽ አየለን ሊያመጣ ወደ ወናጎ ሄደ። ዝናብ አባርቶ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኝቷል። ዘግይተው ሲመጡ ወንድማማቾቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው።

«ምን ሆናችሁ?»

«አንዲት መኪና እንሰት ውስጥ ገብታ አገኘን፤» አለ ጋሽ አየለ። «ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መኩሪያ በገመድ ጎትቶ አወጣቸው።»

«አንዱ ባለጌ በመብራት ዓይናቸውን አጥፍቶባቸው እኮ ነው!» አለ መኩሪያ ሱሪውን ሊቀይር እየሮጠ። «አብሬአቸው ረገምኩት። እንዲህ ያለውን ሰው መንጃ ፈቃዱን መቀማት ነበር!»

ሽማግሌዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ደረሱ። ሦስት ናቸው። ጋቢያቸው ነጭ፣ ጫማቸው ጭቃ። እንደምታውቁት ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ስለዚህ ያንን ሁሉ ጭቃ ይዘው አዲሱ ምንጣፌ ላይ ቆሙ። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ሆኜ ምንጣፌን አያለሁ፣ ሰላም ከኋላዬ ሆና ክንዴን ትጨምቃለች።

የመሪያቸው ስም አቶ በራሶ ነው። ዕድሜአቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን ቡናቸውን ይዘው የተቀመጡ ሰው ናቸው። መኩሪያን ሲያዩ ዓይናቸው በራ።

«አንተ! እኛን ያወጣኸን ሰውዬ አይደለህም እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ተቃቀፉ። ምርቃቱ ወረደ። ሲጎትታቸው ጭጋጉ ገለጥ ብሎ፣ የመኩሪያም መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ከገመዱና ከደግነቱ በቀር ያዩት ነገር የለም። «እንዲህ ያለ ሰው ቤት መምጣታችን ደግ ነው» አሉና አቶ በራሶ ልጃችንን ለልጃቸው ጠየቁ።

መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰላም ክንዴን ልትሰብረው ደረሰች። «ሂዱና ተመለሱ» ምላሱ ጫፍ ላይ ናት። ግን ከዚያ በፊት ስለ ራሱ ክብር ትንሽ ማውራት አማረው።

«እኔ እኮ በዚህ መንገድ የታወቅሁ ሰው ነኝ፤» አለ። «ዛሬ እንኳን ወደ ወናጎ ስሄድ፣ መጠምዘዣው ጋ አንድ መኪና ከጭጋጉ ብቅ ብሎ ብልጭ ብልጭ አደረገልኝ። ማን እንደሆነ እንኳን አላወቅሁትም። እኔም ረጅሙን ለቀቅሁለት። በጣም ደስ ብሎት ነው መሰለኝ፣ ጥሩምባውን ሲያስጮኸው ሰማሁት።»



ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ጋሽ አየለ ጣሪያውን መመርመር ጀመረ።

«ብልጭ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤» አሉ አቶ በራሶ ቀስ ብለው። «አጥፋልኝ እያልኩህ ነበር እኮ! አጥፋልኝ!»

መኩሪያ መንጃ ፈቃዱ ያለበትን ኪሱን ሳያውቀው በእጁ ያዘ።

«ባጃጁስ?» አልኩ ከበሩ ላይ። «ወታደሩ?»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ በራሶ ናቸው። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ጋቢያቸው፣ ቀጥሎ ሁላችንም። ሳቁ ሲበርድ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «ሂዱና ተመለሱ ልትለን ነበር፣ አይደል?» አሉት።

«ነበር» አለ መኩሪያ መሬት መሬት እያየ።

«ዛሬ ግን ቅድመ ሁኔታ የምናቀርበው እኛ ነን። ና፣ ያቺን መኪናህን አምጣት።»

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ሁላችንም ግቢ ወጣን። አቶ በራሶ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «የጥርስ ሳሙና አለሽ ልጄ?» አሉኝ። ለሽምግልና የመጣ ሰው ብዙ ነገር ይጠይቃል፤ የጥርስ ሳሙና ሲጠይቅ ግን እኔም ያኔ መስማቴ ነው። ሰጠኋቸው። በእርጥብ ጨርቅ ያንን ቢጫ ፕላስቲክ አሹት፣ አሹት፣ እንደ ብርጭቆ ጠራ። ነጩን አምፖል አወጡና ከመቀመጫው ሥር የድሮውን ቢጫ አስፈልገው መለሱት።

«አምፖሉ ጥፋት የለበትም፤» አሉ። «ቤቱ የሱ አይደለም እንጂ። ይሄ ጎድጓዳው የተሠራው ለቢጫው ነው፤ ሌላ ስትከትበት ብርሃኑን የትም ይረጨዋል። ነጩን ከወደድህ፣ ለሱ የተሠራውን መብራት ቤት ከነሙሉው አስገባ።»

ከዚያ መኪናዋን ከግንቡ ራቅ አድርገው ፊት ለፊት አቆሟት። «ኋላዋ ሲጫን አፍንጫዋ ከነመብራቷ ወደ ሰማይ ነው። ጭነት እንፈልጋለን!» ቡናው ተራግፏል። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎችና ጋሽ አየለ ከነጋቢያቸው ፒክአፑ ላይ ወጥተው እንደ ጆንያ ተደረደሩ። ሰላም ከሰል ይዛ ግንቡ ላይ በወገቧ ልክ መስመር አሰመረችና እዚያው ቆመች። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ስለወደቀ ዓይኗን ጨፍናለች። አቶ በራሶ በካቻቢቴ ከመብራቱ ጀርባ ያለችውን ማስተካከያ ቪቴ ቀስ እያደረጉ አዞሩ። ብርሃኑ ከግንባሯ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ደረቷ፣ ከዚያም ወደ ወገቧ ወረደ።

ልጄ ዓይኗን ገለጠች።

«አባዬ፣» አለች እየሳቀች፣ «አሁን አየሁህ!»

መኩሪያ አያት። ከግንቡ ሥር እስከ አጥሩ ጥግ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዓይኑን የሚከልል ግን ማንም የለም። አፍንጫውን ሳብ አደረገ።

«ውሰዷት» አለ።

ሰላም ጮኸች። ሽማግሌዎቹ ከፒክአፑ ላይ እንደተቀመጡ አጨበጨቡ። እኔ ግን ምላሴ አያርፍም፤ «ሦስቱ ምልልስ የት ገባ?» አልኩት።

«አንዴ እንሰት ውስጥ መጡ፣ አንዴ ቤት መጡ፣ አንዴ ግቢ ወጡ። ሦስት አይደለም እንዴ?»

ሠርጉ በጥር ሆነ። መኩሪያ ፒክአፑን በሪባን አስውቦ፣ እኔን ከጎኑ፣ ዘመዶቹን ከኋላ ጭኖ፣ ሙሽሮቹን ተከትለን ወደ ፍስሐ ገነት ተጓዝን። ከፊት የሚመጣው መኪና ሁሉ ሙሽራ አይቶ ጥሩምባ እየነፋ ብልጭ ብልጭ ያደርጋል። ይህኛው እውነተኛው ሰላምታ ነው። መኩሪያ ግን ብልጭ ባለበት ቁጥር ይደነግጣል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ይቅርታ ወንድሜ! ይቅርታ!» ይላል።

«መኩሪያ፣» አልኩት፣ «እኩለ ቀን ነው። መብራትህ አልበራም።»

አልሰማኝም። ለቀጣዩ አይሱዙ ይቅርታ እየጠየቀ ነበር። እኔም በበኩሌ መስኮቴን ዝቅ አድርጌ ለሁሉም እጄን አውለበልብ ጀመር፤ መቼም ከአንድ ቤት አንድ ሰው እንኳን ሰላምታን በሰላምታነቱ መቀበል አለበት።