ከለቅሶ ወደ ሽምግልና በአንድ ነጠላ

ሰው ከአንድ ጉዳይ ወጥቶ ሌላ ጉዳይ ሲገባ ሙሉ በሙሉ የወጣ ይመስለዋል። አይወጣም። ገበያ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶም ከሚስቱ ጋር ዋጋ ሲከራከር ያመሻል፤ አስተማሪ ሰርግ ላይ ሙሽራውን ቀጥ ብለህ ተቀመጥ ይለዋል። እኔ ይህን በሌሎች ላይ እያየሁ ስስቅ የኖርሁ ሰው ነኝ። ለምን አልስቅ? እንጀራዬ እኮ ስሕተት መፈለግ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ በተከራየኋት ክፍል ተቀምጬ፣ ኔትወርክና መብራት ሲስማሙልኝ፣ ባሕር ማዶ ላለ ድርጅት ኮምፒውተር ፋይል በዲስክ ላይ የሚያስቀምጥበትን ፕሮግራም እፈትሻለሁ። እኔ ስል፣ የጻፍኋቸው ትንንሽ ፈተናዎች በየተራ እየገቡ በራሳቸው ይፈትሹታል። ፈተና ሲጀመር ዲስኩ "ማውንት" ይደረጋል፤ ተከፍቶ ለሥራ ይቀርባል ማለት ነው። ሲከፈትም ምን ዓይነት ጠባይ ይዞ እንደሚከፈት ይነገረዋል፦ ለንባብ ብቻ ሁን፣ ወይም የተጻፈብህን እዚያው በዚያው አስቀምጥ፣ ወይም እንደተመቸህ ቀስ ብለህ አስቀምጥ። ከፈተናዎቹ አንዱ፣ መብራት በድንገት ቢጠፋ የተጻፈው ይተርፋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይህን ፈተና ለመካነ ሰላም ሰው መስጠታቸው መቼም ትልቅ ማስተዋል ነው።

ሰሞኑን ሕልም ውስጥ የከተተኝ ያ የመብራት ፈተና ነው። ከሌሎቹ ጋር በተራ ሳስኬደው ያልፋል፤ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች የነሐሴ ገብስ መስሎ አረንጓዴ ይሆናል። ለብቻው ሳስኬደው ይወድቃል። ከሰው ጋር ጀግና፣ ብቻውን ፈሪ! ምክንያቱን ፍለጋ ነፍሴ ከገላዬ ተለይታ ትዞር ጀመር። ሰው ሲያወራኝ አልሰማም። ጭጋጉ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ከተማውን ሲውጠው በመስኮት አያለሁ፤ ከተማው ሲመለስ የትኛውን ጠባዩን ይዞ ይመለስ ይሆን እላለሁ። ወደ ማበዱ ተቃርቤ ነበር።

የታናሽ ወንድሜ የጌታሁን የሽምግልና ቀን የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ጌታሁን የእትዬ ዘነቡን ልጅ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ የቀረው የወላጆቿ ቃል ነው። እምቢ ከተባለ ግን ዐረብ አገር ለመሄድ ቆርጧል፤ የልጅቱ ወንድም ደሳለ በሄደበት መንገድ። እናታችን ይህን ስታስብ እህል አይወርድላትም። ሽማግሌዎቹ የንስሐ አባታችን፣ ጎረቤታችን ጋሽ ይመርና እኔ ነን። እኔ የተጨመርሁት ለዕድሜዬ ሳይሆን ኮምፒውተር ይሠራል ተብዬ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ሠፈር ውስጥ ለቅሶ ነበረ። ሦስታችንም ለቅሶ ደርሰን ከድንኳኑ በቀጥታ ወደ ልጅቱ ቤት አቀናን። ጭጋጉ አልተገለጠም። ደመና ውስጥ ዝም ብለን ስንሄድ መሬት የረገጥን አይመስልም ነበር፤ እግር በራሱ ይሄዳል፣ ሐሳብ በራሱ ይሄዳል፤ እንዴት ደስ ይላል! የእኔ ሐሳብ ዲስኩ ጋ ነው። ነጠላችንን ልብ ያለ ሰው የለም። ለለቅሶው ጥለቱን ወደ አንገታችን አድርገን አዘቅዝቀን ለብሰናል፤ እንደዚያው ነን። አንዳችን ሌላውን ብናይስ ምን እናያለን? ሦስታችንም አንድ ዓይነት ነን። አንድ ዓይነት የሆነ ነገር ደግሞ ትክክል ይመስላል።

እስቲ ራሳችሁን በእትዬ ዘነቡ ቦታ አድርጉ። ልጃችሁ ዐረብ አገር ነው፤ ከደወለ ሰንብቷል። በጠዋት፣ ከጭጋግ ውስጥ፣ መስቀል የያዙ ቄስና ሁለት ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብቅ ይላሉ። ተቀመጡ ስትሏቸው አንቀመጥም ይላሉ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥማ! መርዶ ነጋሪ ከዚህ የተለየ ምን ያደርጋል?

የእትዬ ዘነቡ ፊት ሲለዋወጥ ያዩት ጋሽ ይመር፣ ለደግነታቸው፣ "አብሽሪ ዘነቡ፣ ጠንከር በይ" አሏቸው። ነገሩን የጨረሰው ይኸ ነው። እትዬ ዘነቡ "ደሳለዬን! ልጄን!" ብለው መሬት ላይ ወደቁ። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ገባ፤ የእኛን ነጠላ እያየም የራሱን አዘቀዘቀ። የንስሐ አባታችን ኧረ ለጋብቻ ነው የመጣነው ቢሉ ማን ይስማቸው? እኔ ራሴ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ደሳለ የሞተ መሰለኝ፤ እንባዬ መጣ።

በመጨረሻ የልጅቱ አባት ለልጃቸው ደወሉ። ስልኩ ይጠራል። ለቅሶው ቆመ። ከዚያ አንድ እንቅልፍ ያልጠገበ ድምፅ "አቤት አባዬ፣ ምነው በደኅና?" አለ። እትዬ ዘነቡ ስልኩን ነጥቀው አገላብጠው ሳሙት።

እንባረራለን ብዬ ስጠብቅ፣ አባትየው ዓይናቸውን ጠርገው ነጠላችንን ከላይ እስከ ታች አዩና፣ ውጡ አሉን፤ ከበር ውጭ ነጠላችሁን ፈታችሁ እንደ ሰው ልበሱና እንደ አዲስ ግቡ፣ እኔም እንዳላየኋችሁ እሆናለሁ። ወጣን። ነጠላዬን ከአንገቴ ፈትቼ ሳወርድ በራልኝ። የእኔ ዲስክስ መቼ ነጠላውን ቀየረ! ከመብራቱ ፈተና በፊት ያለው ፈተና ዲስኩን "እዚያው በዚያው አስቀምጥ" ብሎ ከፍቶት፣ ሳይዘጋው ነው የሚሄደው፤ ተከታዩም ተከፍቶ ስላገኘው በተውሶ ጠባይ ጀግና ይሆናል። ለካ በየፈተናው መካከል ዲስኩ ተዘግቶ፣ ለተራው ፈተና የሚገባውን ጠባይ ይዞ እንደ አዲስ መከፈት አለበት! በሩ ላይ ሳቄ አመለጠኝ፤ ጋሽ ይመር በክርናቸው ጎሸሙኝ።

ገባን። ቆምን። አንቀመጥም አልን። እንደ ደንቡ አባትየው ከዘመድ ልምከርበት ብለው ሌላ ቀን ሊቀጥሩን፣ ያን ቀን ደርሰን ደግሞ እንደገና ሊቀጥሩን ነበር። ጋሽ ይመር ግን ንግግራቸውን ሳይጨርሱ፣ እትዬ ዘነቡ ስልኩን ደረታቸው ላይ እንደያዙ፣ ልጄ በሕይወት እያለልኝ እኔ ለማን ምን እከለክላለሁ፣ ውሰዷት አሉ። አባትየው ሚስታቸውን አዩና ተቀመጡ አሉን።

ቤት ስደርስ ጌታሁን ደጅ ቆሞ ይጠብቀኛል። ነገሩን ከሥሩ አጫወትሁት፤ ስለ ዲስኩም ጭምር። ልጁ ከደስታው ብዛት የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጣ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ጨለም አለና፣ ወንድም ጋሼ፣ እትዬ ዘነቡ እኮ እሺ ሲሉ ገና ከፊተኛው ድንጋጤ አልወጡም፣ እንዳንተ ሕግ ከሆነ ይህ እንደ ማለፍ አይቆጠርም፣ ልባቸው ሲረጋጋ እንደ አዲስ መጠየቅ የለባቸውም ወይ አለኝ።

እኔ የምፈትሸው ዲስክ ነው፣ አማት አይፈተሽም፣ አርፈህ ሰርግህን ደግስ አልሁት።