የሐሙስና የእሁድ ባል

ያገራችን ሰው ተሰድዶ አሥር ቤት ሆኖ በሰፈረበት ሁሉ፣ አንዷን ቤት «ልብ የላትም» ለምትባል ሴት ይመድባል። እንዲህ ያለችው ሴት ሰላምታዋ አጭር፣ ግቢዋ ንጹሕ፣ በሯ ዝግ ነው። ማንንም አትበድልም፤ ሰው የሚቀየማትም ለዚሁ ነው። በደል ቢኖር ሽማግሌ ይላካል፣ ዕርቅ ይወርዳል። ዝግ በር ግን በምን ይታረቃል?

በሱዳን ገዳሪፍ፣ ከእህል ገበያው ጀርባ ባለው ሰፈር፣ ይህን ሹመት ያለ ተቀናቃኝ የያዘችው ባንቺአየሁ ነበረች። የተቀደደ የሰሊጥ ጆንያ እየሰፋች የምትተዳደር፣ ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭንና ቀጥ ያለች ያርማጭሆ ሴት። ክብርት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ሰው ሲያናግራት መርፌዋን አታቆምም። የጆንያ መርፌ ደግሞ የጣት ርዝመት አለው፤ እሱን እያየ ወሬ የሚያረዝም ብዙ ሰው የለም።

የመጀመሪያ ጥፋቷ ሰው ማስንኳኳቷ ነው። ጎረቤቷ ቱርካ አንድ ቀን ጨው ፈልጋ ሰተት ብላ ገባች።

«ውጪና አንኳኪ፤» አለቻት ባንቺአየሁ።

«በሩ ክፍት አይደል እንዴ?»

«ክፍት ነው። አንኳኪ።»

ቱርካ ወጣች፣ አንኳኳች፣ «ግቢ» ተባለች፣ ጨውዋን ተቀበለች፤ ይህንኑ ለሦስት ዓመት ላገኘችው ሁሉ ስታወራ ኖረች። ያችው ቱርካ አንድ ክረምት ወባ ሲጥላት ግን ባንቺአየሁ ሳትጠራ ሄዳ አራት ቀን አስታመመቻት፣ አጥሚት አጠጣቻት፣ ልብሷን አጠበችላት። ባምስተኛው ቀን ቱርካ ቀና ብላ መቀመጥ ስትችል ባንቺአየሁ ነጠላዋን አነሣች።

«አረፍ በይና እንጫወት እንጂ፤» አለች ቱርካ።

«ድነሻል። ጆንያ ይጠብቀኛል።»

ቱርካም ፍርድ ሰጠች፤ «እጇ ደግ ነው፤ ልብ ግን የላትም።»

ቱርካ የማታውቀው ነገር ነበር። ባንቺአየሁ ባሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ አማቷ፣ ዋርሳዎቿና እንግዶቻቸው በታጨቁበት ቤት ኖራለች። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበር ተሻግራ ባንድ ድንኳን ውስጥ ከአራት ቤተሰብ ጋር ተኝታለች። ባሏን እዚያው ቀብራለች። ከዚያ በኋላ በሰው ቤት ሠርታ፣ በሰው ወጥ ቤት ወለል ላይ አድራለች። አርባ ሦስት ዓመት ሲሞላት ይህቺን ግቢ ተከራየችና በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው። «የት ነሽ?» የሚላት አልነበረም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እንደ ሕፃን ተኛች። ከዚህ ወዲያ ያን በር ከእጇ የሚነጥቃት ሰው አልተፈጠረም።

ስታገባ ታዲያ ሰፈሩ ጉድ አለ። ሰውየው ክንፉ ነው፤ ከፋሽጋ እርሻዎች የሚመጡ ትራክተሮችን የሚጠግን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ አራት መንገድ ተሻግሮ የራሱ ቤት ያለው የጭልጋ ሰው። ወደደችው፤ እሱም ወደዳት። ሽማግሌ ሆነው የመጡት ሐጅ ጀማሉ ነበሩ፤ በከተማው ለአርባ ዓመት ሲነግዱ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አገባዋለሁ፤» አለቻቸው። «ከቤቴ ዕቃ ግን አላነሣም። ሐሙስና እሁድ ይመጣል። በቀረው ቀን እሱም በቤቱ፣ እኔም በቤቴ።»

ሐጅ ጢማቸውን ያዙ። «ልጄ፣ ይሄ ጋብቻ ነው ወይስ የገበያ ቀን?»

«መዋደድ ሌላ ነው፣ ሐጅ። መደራረብ ሌላ።»

ክንፉ «እሺ» አለ። ክንፉ ሁሉን ነገር «እሺ» ይል ነበር። ሰፈሩም «የሐሙስና የእሁድ ባል» አለውና አዘነለት። ወርቅ የሆነ ሰው በድንጋይ ሴት እጅ ወደቀ ተባለ። በርግጥም ክንፉ ዝምተኛ፣ ቁጡ ያልሆነ፣ ማንንም የማያስቸግር ሰው ነው። «ደኅና ነህ?» ሲሉት በዓረብኛ «ተማም» ይላል፤ ደኅና ማለቱ ነው። ጣቱን ትራክተር ጨፍልቆት እንኳ «ተማም» ብሏል። ሰው ይህን ትሕትና ይለዋል። ባንቺአየሁም በመጀመሪያው ዓመት ትሕትና ነው ብላ ነበር። በሦስተኛው ዓመት መጠራጠር ጀመረች። ሐሙስ መጥቶ ይበላል፣ የተሰበረ ነገር ካለ ይጠግናል፣ ቀልድ ብትነግረው ይሥቃል፤ ስለ ራሱ ስትጠይቀው ግን ቢያንኳኩት ሰው እንደሌለበት ቤት ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ቱርካ አንኳኳች። ስትገባ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። «አላህ ያጽናሽ፣ ባንቺ። ለአማትሽ።»

የባንቺአየሁ መርፌ ቆመ።

«የቷ አማቴ?»

ቱርካ ደነገጠች። የክንፉ እናት ጭልጋ ላይ አርፈዋል፤ መርዶውን ከመተማ የመጣ ሾፌር ነግሮታል፤ ገበያው በሙሉ ሰምቷል። መቼ? አሥራ ሁለት ቀን ሆኖታል።

ባንቺአየሁ ቀኑን ቆጠረች። በነዚያ ቀናት ሁለቴ ሐሙስ፣ ሁለቴ እሁድ መጥቷል። በመጨረሻው እሁድ የአጥሯን ምሰሶ አቃንቷል። «ምን ሆነሃል፣ ከስተሃል» ብትለው «ተማም» ብሏታል። የእናቱን ሞት ባልነገራት ሰው ፊት ተቀምጣ ስለ ዝናብ ስታወራ ነበር።

ባልተቀጠረ ቀን አራቱን መንገድ ተሻገረች። ክንፉ ግቢው ውስጥ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ ብሎን ያጥባል።

«እናትህ ሞተዋል?»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አዎ።»

«ለኔ ሳትነግረኝ?»

«ላስቸግርሽ አልፈለግሁም። አንቺም ብቻሽን መሆን ትወጃለሽ፤ እኔም የራሴን ልቻል ብዬ ነው።»

ሰፈር ሙሉ «ልብ የላትም» ሲላት አልተናደደችም ነበር፤ የዚያው ዓይነት ነገር ከክንፉ አፍ ስትሰማ ግን ተናደደች።

«ስማኝ ክንፉ። እኔ ብቻዬን መሆን ስፈልግ ‹ዛሬ አትምጣ› እልሃለሁ። ነገ ስትመጣ ደግሞ አለሁ። አንኳኩተህ አልከፍትም ያልሁህ ቀን አለ?»

«የለም።»

«አንተ ግን መጥተህም አልመጣህም። ሦስት ዓመት ሙሉ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ ራስህን ቤትህ ትተኸው ነው የምትመጣው። ይሄ የራስን መቻል አይደለም። እኔ አውቀዋለሁ የራስን መቻል፤ እንዲህ አያከሳም።»

ክንፉ ብሎኑን አንሥቶ ያገላብጥ ጀመር። እሷም አልሄደችም፤ አልተጠጋችውምም። ሌላ ጎማ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ሃያ ሦስት ዓመት፤» አለ በመጨረሻ። «ለመስቀል እመጣለሁ እያልሁ። በየዓመቱ በሰው መልእክት እልክላቸዋለሁ፣ ለመስቀል እመጣለሁ። ሾፌሩ ምን አለኝ መሰለሽ፤ ዘንድሮም ጠብቀዋል አለኝ።» ከዚያ ወዲያ ድምፁ ተሰበረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ያስፈራል፤ በተለይ ያልለመደበት ሰው። ባንቺአየሁ የእናቱን ስም ጠየቀችው። ነገራት። ምን እንደሚመስሉ ጠየቀችው። እየተንተባተበ እሱንም ነገራት።

በማግሥቱ ለልቅሶ ያለ የሌለ ጆንያዋን አውጥታ ሰፋች። አርባ ጆንያ አያይዛ በግቢዋ ላይ ዳስ ጣለች፤ በሩንም ከፍታ ድንጋይ አስደገፈችው። ሦስት ቀን ሙሉ የገዳሪፍ አበሻ ሳያንኳኳ ገባ፣ ንፍሮ ቆረጠመ፣ አንዳንዱም የገመድ አልጋዋ፣ አንገረቧ ላይ ጋደም አለ። ቱርካ በየክፍሉ እየዞረች ዕቃዋን ሁሉ ዐየች። ባንቺአየሁ ጥርሷን ነክሳ ቻለችው። በአራተኛው ቀን ማለዳ ዳሱን አፈረሰችና በሩን ዘጋች።

ሐጅ ጀማሉ ግን ብረቱ ሳይቀዘቅዝ መቀጥቀጥ አለበት ብለው በዚያው ሳምንት ሁለት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ቱርካም ትሪ ይዛ ተከተለች። ክንፉም ተጠርቶ መጣ።

«ልጆቼ፣ ኀዘን አንድ አድርጓችኋል፤» አሉ ሐጅ። «አሁን ቤቱንም አንድ እናድርገው። ልብ ግዙ።»

ባንቺአየሁ መልሷን አዘጋጅታ ነበር፤ ለሽማግሌ የሚከብድ መልስ ነበር። አፏን ሳትከፍት ክንፉ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐጅ፣ እኔ ባለ ሁለት ቤት ሰው ነኝ። አንዱን ለምን ታፈርሱብኛላችሁ?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ ዐየው።

«ታዝኑልኛላችሁ፤ አውቃለሁ። ሚስቱ ታባርረዋለች ትላላችሁ። ከመጀመሪያ ሚስቴ ጋር ባንድ ጣራ ሥር አሥራ አንድ ዓመት ኖርን፤ አንድ ቀን ‹ምን ሆነሃል› ብላኝ ‹ምንም› አልኋት፣ ከዚያ በኋላ ጠይቃኝ አታውቅም። ያኔ ሽማግሌ አልመጣም። ይህቺ ጎማ ላይ ተቀምጣ እስክናገር ጠበቀችኝ። እንዲህ ያለችውን ነው ልብ የላትም የምትሏት።»

ሐጅ ጀማሉ ሲነሡ ለሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው «እኔም ከልጆቼ እናት ጋር ስለዚህ ነገር ብነጋገር ደግ ነው» አሉና ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ። ቱርካም ትሪዋን ይዛ ተከተለቻቸው።

ባንቺአየሁ ጆንያ አንሥታ መስፋት ጀመረች፤ የጆንያውን አፍ ሰፍታ ልትዘጋው ስትል ነቅታ ፈታችው።

«ይሄን ሁሉ ንግግር ከየት አመጣኸው?»

«ስመጣ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አወራሻለሁ፤» አለ ክንፉ። «ሁሉን ነገር እነግርሻለሁ። እዚህ ስደርስ ይጠፋብኛል።»

መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰካች፣ ነጠላዋን አነሣች። «እንግዲያው ተነሥ፤ መንገዱን አብረን እንሂደው።»

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት፣ ክንፉ ወደ ቤቱ በሚመለስበት ቀን ሁሉ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው ያን አራት መንገድ ሲሻገሩ ይታዩ ነበር። እሱ በእጁ እየጠቆመ ይናገራል፤ እሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ወሬው ካላለቀ የክንፉ በር ላይ ደርሰው ተመልሰው ይዞራሉ። ቱርካ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች።

«አያችሁ፤» ትላለች፣ «ዛሬም ወስዳ ቤቱ መለሰችው።»