የዘሐራ ድመት ስትጠቁር

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ድመት ዓይናችሁ እያየ ስትጠቁር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እዚሁ መካነ ሰላም፣ እናቴ ቤት፣ በአንድ ክረምት።

ድመቷ የእህቴ የዘሐራ ናት። ዘሐራ ጅዳ ሰው ቤት ስድስት ዓመት ሠርታ ስትመለስ አሠሪዋ ሰጠቻት። ሌላው ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣል፤ የኛዋ ድመት ታቅፋ መጣች። ግን ምን ዓይነት ድመት! ገላዋ ወተት፣ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ጆሮዋ፣ አፍንጫዋ፣ እግሮቿና ጅራቷ ብቻ ጠቆር ያሉ። ዝርያው ሲያም ይባላል አሉ። ስሟ ሉሉ ነው። ሰፈርተኛው ግን ከሰል ውስጥ ገብታ የወጣች መስሎት አፍንጫዋን በጨርቅ ሊጠርግላት ይሞክር ነበር።

ዘሐራን አገሩ አልጥም አላት። ብርዱ፣ ጭቃው፣ ሥራ ማጣቱ። አዲስ አበባ ሄጄ እንደገና ወደ ዓረብ አገር የምሄድበትን ፕሮሰስ ልጀምር ነው አለች። እናቴ ስታለቅስባት ጊዜ፣ “በቃ እማ፣ ሉሉን ትቼልሽ እሄዳለሁ፤ እሷ እንኳ ይህን አገር ከለመደችው እኔም ቁጭ እላለሁ” አለቻትና በሰኔ ሄደች። ለማጽናናት ያለችው ነበር መሰለኝ። እናቴ ግን የምር ያዘችው።

ሐምሌ ላይ ድመቷ ጀርባዋ ደብዘዝ አለ። እናቴ ጥላሸት ነው ብላ፣ ከሰል ቤት ውስጥ ታቀጣጥላለህ ብላ እኔን ተቆጣች። ከዚያ ሉሉን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ አጠበቻት። ጠቆረች። በሳምንቱ ደገመቻት። ባሰባት። መቼም ድመት አጥባችሁ ካላወቃችሁ እኔን ጠይቁኝ፤ ያዡ እኔ ነበርኩ፣ ጭረቱ አሁንም ክንዴ ላይ አለ። ነሐሴ ሲጋመስ ያቺ ወተት የነበረች ድመት ቡና ሆና አረፈችው።

“ወላሂ ታማ ነው! ልጄ ይህን ካየች አንድ ቀን አታድርም” አለች እናቴ። እህል አልወርድ አላት። ዘሐራ በደወለች ቁጥር “አልሃምዱሊላህ፣ ሉሉ ደህና ናት” ትልና ስልኩን ዘግታ ታለቅሳለች። አንጀቴን በላችው።

በመጨረሻ ሉሉን ዘንቢል ውስጥ ከትቼ የከብት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ወረፋው በሬና በግ ነው። አንድ ሽማግሌ ዘንቢሉን አየት አደረጉና “ልጄ፣ ይህቺ ደግሞ ታርሳለች?” አሉኝ። ሰልፉ በሙሉ ሳቀብኝ።

ሐኪሙ አገላብጦ አያትና ጤነኛ ናት አለኝ። ይህ ዝርያ ገላው ሲሞቅ ጠጉሩ ይነጣል፣ ሲበርደው ይጠቁራል። ጆሮዋና ጅራቷ ድሮም የጠቆሩት ብርዱ ቀድሞ እነሱን ስለሚያገኛቸው ነው። “በቀዝቃዛ ውኃ እያጠባችሁ ጭራሽ አባባሳችሁባት” ብሎ ሳቀ።

እናቴ ይህን ስትሰማ የራሷን የሱፍ ባና ቀድዳ ድመቷን ጠቀለለቻት። ጠጉር ግን በአንድ ቀን አይለወጥ! ዘሐራ ፕሮሰሷን ጨርሳ፣ ሻንጣዋን ልትወስድ መስከረም ላይ ከች አለች።

እናቴ የተጠቀለለችውን ድመት ታቅፋ ገና በሩ ላይ “ልጄ፣ አፉ በይኝ” ብላ ጀመረች። ዘሐራ ባናውን ፈታችው። ሉሉ ዘላ ወጣችና ጭቃውን እየረገጠች፣ ካፊያው እየወረደባት አጥር ስር ለአይጥ ልታደባ ሄደች። ጅዳ እያለች ምንጣፍ እንኳ መርጣ ነበር የምትረግጠው።

ዘሐራ ብዙ ቆማ አየቻት። “እማ፣ ይህቺ እኮ አልታመመችም። ለምዳለች!” አለች። ከዚያ እየሳቀችም እያለቀሰችም ሻንጣዋን ፈታች። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ?

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ። ሰሞኑን ጎረቤታችን እትዬ ተዋቡ መጡ። የሳቸውም ልጅ ፕሮሰስ ላይ ናት። ድመቷን ለአንድ ክረምት ብቻ አውሱኝ ብለው ለመኑ። እናቴ ዘሐራን ቀና ብላ አየቻት፤ ስድስት ዓመት ፀሐይ ሳያገኛት ሰው ቤት የነጣው ፊቷ ገና እንደነጣ ነው።

“አብሽሪ እህቴ፣ አውስሻለሁ” አለች። “ትንሽ ብቻ ታገሺኝ፤ የኔዋ ገና አልጠቆረችም።”