የሸክላዋ ጣውንት

ጀርባውን ያሳከከው ሰው ግድግዳ ታክኮ ይገላገላል፤ ዓይኑን ያሳከከውስ የት ይሂድ? እኔን የያዘኝ የዓይን እከክ ነው። ጅቡቲ ውስጥ የቻይና አሮጌ ዕቃ፣ በተለይ ሸክላ፣ አለ ከተባለ ምሳዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ጭራው የተቆረጠ ፈረስ በሉት፣ የአፋር ጎረቤቶቼ «ይህማ ውሸት ነው» ያሉት ባለ ሁለት ሻኛ ግመል በሉት፣ ነብር የተጠለፈበት የሕፃን ጫማ በሉት፣ ቤቴ ሞልቶ እኔና ባለቤቴ ዘሃራ የምንተላለፈው ሆዳችንን ስበን ነው። አጋነንኩ? ትንሽ።

ቻይናዎቹ አዲሱን ሐዲድ በሚዘረጉበት ሰሞን ሆዳን የሚባል ሰፈር ወዳለው ቤት ገባን። ዘሃራ ደጃፉ ላይ ቆማ ማለች። «ወላሂ፣ አንድ ሸክላ ከጨመርክ ድሬዳዋ እናቴ ጋ ነው የምሄደው!» ዘሃራ ካለች አለች ነው።

እግሬ ግን መች ያርፋል? ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ወደ አገራቸው ሊመለሱ ዕቃ ሲያራግፉ ደረስኩ። እሷ ጥግ ይዛ ቆማለች። ቁመቷ እስከ ደረቴ፣ ጉንጯ እንደ ሙልሙል የነፋ፣ እጇን በሰፊ እጅጌ የሸሸገች የጥንት ቻይና የሸክላ እመቤት። ንግሥተ ሳባ ስትወለድ ይህቺ ልጅ ድራለች!

ገዛኋትና ዘሃራ ዘመድ ጥየቃ በምትወጣበት ሰዓት አሾልኬ ላስገባት ቆረጥኩ። እንዳትጫር በዘሃራ ድሪያ ቀሚስና ሻሽ ጠቀለልኳት። ወደብ ላይ ተራ የሚጠብቀው የከባድ መኪና ሾፌር ጌታቸው ግን ተሳቢው ላይ አልጭንም አለ።

«ጋሼ፣ እኔ ሴት ጭነት ላይ አላወጣም።»

«ሸክላ ናት እኮ!»

«ትሁና! ጋቢና ትግባ።»

መሀል አስቀመጥናት። መንገዱ ሲያንገጫግጨን እንዳትወድቅ ትከሻዋን አቀፍኩ። ይህንን ነው እንግዲህ የዘሃራ እህት ሳሚያ አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጋ ታክሲ ስትጠብቅ ያየችው። የጅቡቲ ወሬ ነዳጅ አይፈልግም። ሆዳን ስንደርስ ዘሃራ ሴት ዘመዶቿን አስከትላ በር ላይ ቆማለች።

«ይህቺ ናት?» አለች ወደ ጋቢናው እያመለከተች። «ደግሞ የኔን ድሪያ አልብሰህ?»

እስቲ ፍረዱኝ። ሴት ናት ብል ጣውንት አመጣሁባት፤ ሸክላ ናት ብል መሐላዋን ረገጥኩ። የትኛው ይቀላል ብዬ ሳሰላ፣ አትታዘቡኝና፣ ሴቲቱ ልታሸንፍ ምንም አልቀራት። የዘሃራ ዓይን እንባ ሲያቀር ግን አላስቻለኝም፤ ሻሹን ገለጥኩት።

ዘሃራ የእመቤቲቱን ጉንጭ በጣቷ አንኳኳች። ቋ አለ።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ዘመዶቿ ሰርጉ ቀረ እንደተባሉ ሁሉ አኮረፉ።

«ምን ይገትርሃል አቦ? አስገባት! ሳሎን፣ መስኮቱ ላይ! ሸክላ መሆኗን ሰፈሩ ሁሉ ይይልኝ።»

ይኸውና ቆማለች፤ አላፊ አግዳሚው ሰላም ይላታል። እኔም አላረፍኩም፤ ወደብ አካባቢ ሁለት የሸክላ አዝማሪዎች፣ ያውም ኮረዶች፣ እንዳሉ ሰምቻለሁ። አሁን ግን ተምሬያለሁ። ለጌታቸው ከመደወሌ በፊት ለሳሚያ ነው የምደውለው።