ሚስ ኮራ የየትኛው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ?

ዳይሬክተር የሚባል ሰው እፈራለሁ። ሳቁ፣ ምን ቸገራችሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ነው፤ ተማሪ ቤት ከወጣሁ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ሸብቶም አልቋል። ግን ዛሬም አንድ ሰው “ዳይሬክተሩ ይፈልጉሃል” ቢለኝ እጄ ሳላዘው ሄዶ መቀመጫዬን ይሸፍናል።

ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የእኛ ዳይሬክተር ጋሽ በላቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጠዋት በር ላይ የሚቆሙት ጎማ ይዘው ነበር። ጎማ ስል የመኪና እንዳይመስላችሁ፤ የውሃ ማጠጫው ቁራጭ ነው። ያረፈደ ጠጠር ላይ ይንበረከካል። ሰልፍ ላይ ደግሞ በድምፅ ማጉያ ስም እየጠሩ ያወጣሉ። አንድ ቀን “ተስፋዬ!” አሉ፤ ወጣሁ፤ ተገረፍኩ። ገርፈው ሲጨርሱ፣ ለካ የፈለጉት ሌላውን ተስፋዬ ኖሯል። ይቅርታ ያሉኝ መሰላችሁ? “ግድ የለም፣ ላንተ ለሚቀጥለው ይያዝልሃል” ብለው አሰናበቱኝ። እኔም አመስግኜ ሄድኩ።

እንግዲህ ይህን የመሰለ አስተዳደግ ያለው ሰው አሜሪካ መጥቶ ምን ይሠራል? አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄደ ይንከባከባል። እዚህ ኬርጊቨር ነው የሚባለው። ባለፈው ዓመት፣ የመሥሪያ ቤታችንን የሥራ ድልድል የምታወጣው ሰብለ ደወለችልኝና “ተስፍሽ፣ አዲስ ክላየንት አለችህ፣ ኤል ሴሪቶ። አድሬሱን ቴክስት አደርግልሃለሁ። ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ ትንሽ ዲፊከልት ናቸው፤ እስካሁን ሦስት ሰው መልሰዋል። ዳይሬክተር ነበሩ አሉ። ብቻ ሌት እንዳትሆን” አለችኝ።

ሌት እንዳትሆን! ለማን ነው የምትነግረው? አርባ ደቂቃ ቀድሜ ደርሼ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩ።

ስማቸው ኮራ ነው። ሰብለ “ሚስ ኮራ” ስትለኝ “ማን ኮራ?” ብያት ነበር። ኋላ ሳያቸው ስሙ በልካቸው የተሰፋ ሆኖ አገኘሁት። ዊልቸር ላይ ተቀምጠው እንኳ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያዩህ። እኔ ቆሜ፣ እሳቸው ተቀምጠው፣ ከላይ ወደ ታች! እንዴት እንደሚያደርጉት እስከ ዛሬ አልገባኝም።

“ዳይሬክተር ነበሩ” ሲባል እኔ የማውቀው ዳይሬክተር አንድ ዓይነት ነው፤ የትምህርት ቤት። ደግሞስ ምን ያጠራጥራል? ግድግዳው ላይ አንድ ፎቶ አለ፤ በወጣትነታቸው የድምፅ ማጉያ ይዘው ሕዝብ ላይ ሲጮኹ። ሰልፍ ነው። ሌላ ፎቶ አለ፤ ሰዎች የድሮ ልብስና ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ከበዋቸው። የወላጆች ቀን ድራማ ነው። መደርደሪያው ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፈባት ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተቀምጣለች። ከላይዋ ተከፍታ የምትዘጋ እንጨት አለቻት፤ ስትዘጋ “ጧ!” ትላለች። የተማሪ ጣት መቆንጠጫ ናት ብዬ በሆዴ “ይቺስ ከጋሽ በላቸው ጎማ ትብሳለች” አልኩ።

አውቃለሁ፣ አሁን “ፊልም አይተህ አታውቅም ወይ?” ልትሉኝ ነው። አያለሁ። ግን የማየው እንቅልፍ እስኪወስደኝ ነው፤ ማን እንዴት እንደሠራው ምኔ ነው?

ሚስ ኮራ ጠዋት አጃቸውን ሲበሉ ማውራት ይወዳሉ። እኔም ማዳመጥ እወዳለሁ። ችግሩ እሳቸው በእንግሊዝኛቸው ሌላ ያወራሉ፣ እኔ ሌላ እሰማለሁ። “ሥራ የጀመርኩት በመቀስ ነው፤ ቀኑን ሙሉ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ” አሉኝ። የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበሩ ማለት ነው። “ከዚያ አለቃችን ሰክሮ ቀረና አንቺ ጨርሺው አሉኝ። ጨረስኩት። ሲወጣ ግን የእሱን ስም ጻፉበት” አሉ። ምን ይገርማል? የእኛም ምክትል ዳይሬክተር ሲሠሩ ከርመው የሚሸለሙት ጋሽ በላቸው ነበሩ። “በመጨረሻ ወንበሩን ሰጡኝ። ከእኔ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ሴት ተቀምጣ አታውቅም። ግቢው ውስጥ የሴት መጸዳጃ ቤት እንኳ በቅርብ አልነበረም፤ ደርሼ ስመለስ ወንዶቹ ሥራውን በራሳቸው ጀምረው ይቆዩኛል። ስለዚህ ውሃ መጠጣት አቆምኩ” አሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔን ግን ከነከነኝ፤ ሄጄ የውሃ ብርጭቆአቸውን ሞላሁ።

ከዚያ ደግሞ “አንድ ትልቅ ስታር ከሴት ትእዛዝ አልቀበልም ብሎኝ አባረርኩት” አሉ። ኮከብ ተማሪ! ኮከብ ተማሪ ማባረር ቀላል ድፍረት መሰላችሁ? “ሦስት መቶ ኤክስትራ ይዤ በረሃ ወረድኩ” አሉ። ትርፍ ተማሪ የእኛም ቤት ችግር ነው፤ በአንድ ዴስክ አምስት ሆነን ነው የተማርነው። “አርባ ቀን ሙሉ ሹት አደረግን” ሲሉ ግን ደስ አለኝ። አገራችን ሹት የሚባለው የኳስ ነው። ለካ ስፖርትም ይወዳሉ! “ማን አሸነፈ?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ትክ ብለው አይተውኝ “ነፋሱ” አሉ።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ካለመጠየቅ የሚቀረውንስ ማን ቆጥሮት? እኔ እንደሆነ ያወቀ ሰው ነኝ፤ ምን ብዬ ልጠይቅ?

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ነገሩ ሁሉ ለእሷ ነውና።

ሶልያና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። አማርኛ ስታወራት ሁሉን ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ባለቤቴ ጽጌ ኮንኮርድ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ትሠራለች። ልጃችን ነርስ እንድትሆን ሳንማከር እንኳ ተስማምተን ነበር። ታዲያ የኮሌጅ ማመልከቻው አርብ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ሶፋው ላይ አስቀምጣን ፊልም ነው የምማረው አለች።

“ፊልም ደግሞ ይማሩታል? ያዩታል እንጂ!” አልኩ።

“ዳዲ፣ ዩ ዶንት ጌት ኢት” ብላ ክፍሏ ገባች። ከዚያ በኋላ ራት ላይ ሹካ ብቻ ነው የሚሰማው።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈርቼ ነው። ሳን ሆዜ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ አገር ቤት ቴአትር በማዕረግ የተመረቀ። አሁን የሚተውነው አለቃው ፊት ብቻ ነው፤ የታመመ መስሎ። የእኔ ልጅ እንደዚያ እንድትሆን አልፈለግኩም። እንደ እኔ ሰው እያነሳች እያስቀመጠች ወገቧ እንዲያልቅም አልፈለግኩም። ነርስ ባጅ አላት፣ ወንበር አላት፣ አለቃ ናት። ለምነን፣ ተቆጥተን፣ ንስሐ አባታችንን ሁሉ አስደውለን ነበር። አልሆነም።

ያኔ ነው ሚስ ኮራ ትዝ ያሉኝ። ስንቱን ተማሪ የቀጡ፣ ስንቱን ኮከብ ያባረሩ! እሳቸው ያልመለሷትን ማን ይመልሳታል?

“ሚስ ኮራ፣ ልጄን አንድ ጊዜ ይምከሩልኝ፣ እንደ ዳይሬክተርነትዎ” አልኳቸው።

“ምን ሆነች?”

“ፊልም ካልተማርኩ አለች።”

ዓይናቸው ቦግ አለ። ጋሽ በላቸውም ጎማውን ከማንሳታቸው በፊት ዓይናቸው እንዲህ ቦግ ይል ነበር። “አምጣት” አሉኝ። አለቀላት አልኩ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ይዣት ሄድኩ። መንገድ ሁሉ በመስኮት እያየች አኮረፈች። “ትልቅ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ ሰው ናቸው፤ ዝም ብለሽ ስሚ” አልኳት። ገባን። ሰላም አለች። ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ያረፈው ወዲያው ነው። ወደ ሰሌዳዋ ሄደች፤ የተጻፈባትን ስም አነበበች፤ ዞራ ሚስ ኮራን አየች። አፏ ተከፍቶ ቀረ።

“ዳዲ! ሺ ኢዝ ኤ ዳይሬክተር!”

“ታዲያ ምን አልኩሽ?”

“ኖ፣ ዳዲ። የፊልም!”

ከስንት ወር በኋላ ከአፏ የወጣች አማርኛ ይቺ አንዲት ቃል ናት። ምነው ባልወጣች! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼኔ ነው። እየጮኸች አስረዳችኝ። የቪዲዮ ክለባቸው አስተማሪ ስለ እኚህ ሴትዮ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ነግሯቸዋል፤ ሆሊውድ ውስጥ ሴት “ሻይ አምጪ” ብቻ በምትባልበት ዘመን ካሜራ ኋላ ቆመው ወንዶቹን ያዘዙ ናቸው። መቀሱ የፊልም መቁረጫ፣ ሰሌዳዋ ቀረጻ ማስጀመሪያ፣ ስታሩ ተዋናይ፣ ኤክስትራው አጃቢ፣ ሹቱም ቀረጻ... ተውት። ለአንድ ዓመት የሰማሁት ታሪክ ሁሉ ፊቴ ላይ እንደ አዲስ ተገለበጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ፤ እኔ ልጄን ከፊልም ላስጥል ብዬ በገዛ መኪናዬ ፊልም ቤት አድርሻታለሁ።

ሚስ ኮራ ምን ተፈጠረ አሉ። ልጄ ነገረቻቸው። “አባቴ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ ብሎ ነው የሚያስበው” ስትላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ጀርባቸውን ደገፍ አድርጌ ውሃ ሰጠኋቸው። “ለዚህ ነው ማን አሸነፈ ያለኝ!” እያሉ እንባቸውን ጠረጉ።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። “የሠራሽውን አሳዪኝ” አሏት።

ስልኳን ሰጠቻቸው። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ነገር ነው፤ ንግግር የለውም። ከትከሻቸው ኋላ ቆሜ አየሁ። ከመስኮታችን ሆና የቀረጸችው ነው። አንድ ሰው ከሥራ ይመጣል፤ ደረጃው ላይ ይቀመጣል፤ ወገቡን ይይዛል፤ እንዲህ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ይነሳል፤ በሩ ጋ ሲደርስ በሁለት እጁ ፊቱን ያሻል፤ ፈገግ ማለት ይሞክራል፤ አልጥም ሲለው እንደገና ይሞክራል። ከዚያ ቁልፉን ያወጣል።

ሰውየው እኔ ነኝ። ቤት ከመግባቴ በፊት ፊቴን እንደማስተካክል ማንም ያየኝ አይመስለኝም ነበር። አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ፤ ለምን ደስ እንዳለኝ አትጠይቁኝ። ልጄን ላያት ፈልጌ ማየት አቃተኝ።

ሚስ ኮራ ስልኩን መለሱላት። “ነርሲንግ ተማሪ” አሏት።

ልጄ ስልኳን ደረቷ ላይ ያዘች።

“አባትሽ ልክ ነው። ለስላሳ ልጅ ነሽ። ይሄ ሥራ ለስላሳ ሰው ይበላል፤ እኔ ድንጋይ ሆኜ እንኳ በልቶኛል። አትችዪውም።”

ይኸውላችሁ! ይህን እንዲሉልኝ አይደል የወሰድኳት? ቃል በቃል አሉልኝ። ጉልበታቸውን ስሜ ልጄን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ግን የልጄ አገጭ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ደሜ ራሴ ላይ ወጣ። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። እርስዎም ጠፋኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ቀና ያልኩላቸውን ሴትዮ፣ የዘጠና አራት ዓመት ባልቴት፣ በንጹሕ አማርኛ “አንቺ!” አልኳቸው። “አንቺ ማን ነሽና ነው ልጄን አትችዪም የምትያት? ያንን ያየች ልጅ ምኑ ያቅታታል? ፊልም ነው የምትማረው! አርብን አትጠብቅም፣ ዛሬ ነው የምታመለክተው!”

ሚስ ኮራ አልተቆጡም። ወደ ልጄ ዞረው “ምን አለ?” አሉ።

ልጄ እንባዋ እየወረደ “ፊልም ትማራለች ነው የሚለው” አለቻቸው። አንቺ መባላቸውን አልተረጎመችም፤ እግዜር ይስጣት።

ሚስ ኮራ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። “መጥፎ አይደለም” አሉ። “ግን ግማሹ እኔ ላይ የተናደድከው ነው። አሁን እኔን እርሳኝ። ወደ እሷ ዙርና ድገመው።”

ምን ላድርግ? ለካ የፊልም ዳይሬክተር እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ዞርኩ። ደገምኩት። በሁለተኛው ድምፄ አልጮኸም፤ ግማሽ ላይም ተቆረጠብኝ። ልጄ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ወገቤን እንዳታሳምመኝ ተጠንቅቃ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ጽጌ ናት። ከጠዋት ጀምሮ “ኮል አድርግልኝ” እያለች አምስት ጊዜ ቴክስት ልካለች። ስፒከር ላይ አደረግኳት።

“እሺ፣ ሴትዮዋ ምን አሏት?”

“ፊልሙን ትተሽ ነርሲንግ ተማሪ አሏት።”

“እልልል! ዕድሜ ይስጣቸው! አላልኩህም? የተማረ ሰው እኮ... ልጅቷስ? እምቢ አለች?”

“ልጅቷማ ምንም አላለች” አልኳት። “እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።”