የአማቴ ጉልበትና የአንበሳ እግር ያለው ባኞ

ባል የተባለ ፍጡር ሁሉ በልቡ የቧንቧ ሠራተኛ ነው! አይደለሁም የሚል ካለ ወይ ገና አላገባም፣ ወይ ቤቱ ቧንቧ አልገባለትም። እስቲ እውነቷን እንነጋገር… የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አይታችሁ "ቆይ፣ ይቺማ በእኔም ትቻላለች" ሳትሉ ያለፋችሁበት ቀን አለ? እናንተ ሴቶችም አትሳቁ፤ "እሱ እኮ እጁ ብልህ ነው" እያላችሁ የምታበላሹን እናንተ ናችሁ።

እኔና ባለቤቴ ትርንጎ አሶሳ በተከራየነው ቤት ውስጥ አንድ ባኞ አለ። ባኞ ስላችሁ ያቺን ቀለል ያለች የዛሬ ጊዜዋን እንዳታስቡ። ብረት ነው! አራት እግር ያለው፣ እግሮቹም የአንበሳ መዳፍ የመሰሉ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ አሮጌ ጉድ። አከራያችን ቤቱ የተሠራው ባኞው ከተቀመጠ በኋላ ነው ይላሉ። የበሩን ጥበት ሳየው አምናቸዋለሁ።

ታዲያ እዚህ ባኞ ውስጥ ማንም ታጥቦ አያውቅም። በእኛ ሰፈር ውሃ የምትመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃዋን የምታውቀው ግን ራሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ባኞው የትርንጎ ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች የታችኛውን ቀዳዳ በስሚንቶ ደፍነውታል። ከአፉ ዝቅ ብላ ያለችውን፣ ውሃ ሲበዛ ትርፉ የሚወጣባትን ቀዳዳ ደግሞ በበቆሎ ቆረቆንዳ ወትፈዋታል። ቧንቧ ከፍተን የረሳን እንደሆነ ባኞው በአፉ ይገነፍልና ጫማዎቻችን ሳሎን ለሳሎን ይንሳፈፋሉ። ያም ሆኖ ትርንጎ በባኞዋ ደስተኛ ነበረች… እኔ አፌን እስክከፍት ድረስ።

አፌን የከፈትኩት አማቴን ልንጠይቅ ሄደን፣ እሳቸው ፊት ነው። እማማ የሺ ከወሎ በሰፈራ መጥተው፣ በባምባሲ መንገድ ካለች መንደር ሲያርሱ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ጤና ጣቢያ "ሞቅ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉት" ብለዋቸው፣ "የኔ ጉልበት ሽምብራ ነው የሚዘፈዘፈው?" እያሉ ሲያስቁን እኔ ምን ብል ጥሩ ነው?

"እኛ ቤት ባኞ አለ አይደል እንዴ! ይምጡ እማማ፤ እስከ ወገብዎ ገብተው ዘና ይላሉ።"

"እሰይ ልጀ! እንዲያ ከሆነማ መጣሁ!"

ትርንጎ እግሬን ረገጠችኝ። ቤት ስንገባማ ለብቻ ያዘችኝ።

"በየትኛው ባኞ ነው የሚታጠቡት?"

"በእኛው! ስሚንቶውን አንስቼ አዲስ ፍሳሽ እገጥማለሁ።"

"ስማኝ፣ ውሃዬን ይዞ ያኖረው ስሚንቶው ነው፤ አንተ አይደለህም። ውሃ የሚቀመጥበት ነገር ታቹ አይበሳም!"

"ከሥሩ አንዲት ጠብታ ቢያንጠባጥብ ስሜን ቀይሪው!"

ይህቺን አነጋገሬን ያዙልኝ።

ዕቃውን ወንድሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ላከልኝ። ከሥር የሚገጠም ባለ ውታፍ ፍሳሽ አለው፤ ከላይኛዋ ቀዳዳ ትርፉን ውሃ የሚያወርድ ቱቦ አለው፤ ሁለቱ ከባኞው ጀርባ ይገናኙና በአንድ መስመር ይወጣሉ። እኔ የወደድኳት ግን የላይኛዋን ቀዳዳ የምትሸፍነውን የምታብረቀርቅ ክብ እጀታ ነው። እሷን ዞር ስታደርጓት ታች ያለው ውታፍ በራሱ ብድግ ይላል። ጎንበስ ብሎ እጅ ማራስ ቀረ!

ይህንኑ ሥራ አንድ ፈረንጅ እያፏጨ ሲጨርሰው በስልኬ አይቼ ነበር። ፈረንጁን ግን ስሚንቶ አልገጠመውም። እኔ ባኞው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ በመሮና በመዶሻ ስቀጠቅጥ ሰፈሩ በሙሉ ተናወጠ። ጎረቤቴ ኸሚስ በመስኮት ብቅ አለ። ኸሚስ የበርታ ሰው ነው፤ ሱዳን ድንበር ላይ ካለችው ኩርሙክ እየተመላለሰ ይነግዳል፤ ሰፈር ውስጥ የሚጮኽ ነገር ሁሉ ይመለከተዋል።

"ያ አኺ! ቤት እየፈረሰ ነው?"

"ባኞ እየጠገንኩ ነው!"

"ባኞ ደህና ነበረች፣ ወላሂ! ውሃ ይይዛል። ምን ሆነ?"

"ከዛሬ ጀምሮ ይለቃልም!"

ኸሚስ ከልቡ አዘነልኝ። "አላህ ያግዝህ" ብሎኝ ሄደ።

ብቻ ስሚንቶው ወጣ። የጎማ ቀለበቶቹን በየቦታቸው አስገብቼ ፍሳሹን ከሥር አጠበቅሁ፣ ቆረቆንዳውን ነቅዬ የላይኛውን ገጠምኩ። መውጫ ቱቦውን በግድግዳ አሾልኬ፣ በኸሚስ አጥር በኩል ካለው ማንጎ ሥር እንዲያልቅ አደረግሁት። ውሃ በመጣች ጊዜ ትርንጎ ክንዷን አጣጥፋ ቆመች፤ እኔ በሆዴ ተኝቼ የባኞውን ሥር ዳበስኩ። ደረቅ! ባኞው ሞላ፤ ትርፉ በላይኛዋ ቀዳዳ ኮለል እያለ ወረደ። ሳሎናችን ደረቅ፣ ጫማችን በቦታው! "ኧረ ሠርቷል!" አለች ትርንጎ። እኔ ጠግኜው ሠርቷል የተባለ ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አትጠይቁኝ።

በማግሥቱ ውሃ ሄደች፤ እማማ የሺ መጡ። ትርንጎ ለመጠጥ የምትሆን ጥቂት ቀድታ ደበቀች። የቀረው የቤቱ ውሃ ሁሉ ባኞው ውስጥ ነው፤ እሳቸው ከወጡ በኋላ ልብስ ሊታጠብበት ነው። በትልቅ ድስት እያፈላን ገለበጥንበትና ለብ አደረግነው። እማማ የሺ ባኞውን ዞረው ዞረው አዩት፤ በተለይ እግሮቹን።

"እንዴው ይኸ አውሬ አይነክስም?"

"አይነክስም እማማ። ይግቡ!"

ትርንጎ ከእናቷ ጋር ቀረች፤ እኔ ነውር ነው ብዬ ከበሩ ውጭ ቆምኩ። አንዱ እግራቸው ውሃው ውስጥ ሲገባ ሰማሁ። ቀጥሎ የእማማ የሺ ድምፅ መጣ።

"ደግ አርገሃል ልጀ! መያዣም ሠርተህልኛል!"

መያዣ? እኔ መያዣ አልሠራሁም… ወይኔ! እጀታዋ!

"ግልግልግል…" አለ ባኞው።

"ውሃዬ!" ብላ ትርንጎ ጮኸች። ነውሩን ትቼ ዘው አልኩ። እማማ የሺ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ውጭ፣ በሁለት እጃቸው እጀታዋን ጭምቅ አድርገው ይዘዋል።

"ይልቀቁት እማማ! ውሃው እየሄደ ነው!"

"ብለቀው እኔም ልሄድ እኮ ነው!"

ትርንጎ ወገባቸውን፣ እኔ ክንዳቸውን ይዘን፣ "ቀስ! ጉልበቴን!" እየተባልን በሰላም እስክናወጣቸው ባኞው ተንጠፍጥፎ አልቋል። ይህን ያህል አጣድፎ የሚያወጣ ፍሳሽ አሶሳ ውስጥ የለም! ከሥሩ ግን አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም፤ ስሜም አልተቀየረም።

እማማ የሺ እርጥብ ቀሚሳቸውን ይዘው ዱካ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያን ያህል ጉራ በኋላ እንዲህ ሳያቸው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ውጭ ግን ያልታሰበ ግርግር ተነሣ። "ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!" ይላል የኸሚስ ድምፅ። ጀሪካን ከጀሪካን ሲጋጭ ይሰማል።

ብዙም ሳይቆይ ኸሚስ በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ሳፋ ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"እናታችን መጣ ሲሉ ሰማሁ። እንግዳ ያለ ውሃ አይሆንም! ማንጎ ሥር ቧንቧ ተከፈተ፣ አልሐምዱሊላህ። ደግሞ ለብ ያለ ነው! የውሃ ሰዎች ዛሬ አሙቆ ላከ!"

ልናገር አፌን ስከፍት ትርንጎ እግሬን ረገጠችኝ። እሷም በሻሿ ጫፍ አፏን አፍና ትንቀጠቀጣለች።

እማማ የሺ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ከተቱ። ትርንጎ በጣሳ እየቀዳች ጉልበታቸው ላይ ስታፈስ ፊታቸው ፍክት አለ።

"እሰይ! እሰይ! ተፍታታልኝ! ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው እንጅ፣ ሳይለፈልፍ የሚሠራ!" አሉና መዳፋቸውን ወደ ኸሚስ ዘረጉ። "ውሃህ አይንጠፍ፣ ቤትህ ይሙላ፣ ያሰብኸው ይሳካ!"

"አሚን" አለ ኸሚስ አንገቱን ሰብሮ።

"አሚን!" አልኩ እኔም፣ ከኸሚስ ጮክ ብዬ።

እማማ የሺ ዞር ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

"አንተ ደሞ ምን ቤት ነህ?"